በእጅ የሚሳብ የቻይና ኑድል ለአዳማ የሌሊት ምግብ ቤት፦ ከሊጡ እስከ ሳህኑ

አዳማ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሐረርና ወደ አርሲ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላም ትኩስ ምግብ የሚፈልግ ሹፌር፣ ረዳትና የፈረቃ ሠራተኛ አይጠፋባትም። በእጅ የሚሳብ ኑድል ለእነዚህ ሰዎች ይስማማል፤ መረቁ ቀን ተሠርቶ፣ ሊጡም አርፎ ከጠበቀ ከትእዛዝ እስከ ሳህን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃል። ይህ መመሪያ በአንድ ጠንካራ ጠረጴዛና በአንድ ትልቅ ድስት ሥራውን ለመጀመር ለሚያስቡ የቀረበ ነው።

በዓለም ዙሪያ የታወቀው ዓይነት የመጣው በሰሜን ምዕራብ ቻይና ከምትገኘው የጋንሱ ግዛት ዋና ከተማ ከላንጆ ሲሆን፣ ያዳበሩትም ሁዊ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች ናቸው። በዚህም ምክንያት ሾርባው የበሬ እንጂ የአሳማ አይደለም። በላንጆ ምግቡ በተለይ የቁርስና የምሳ ነው፤ ሌሊት መብላቱ የሌሎች ትልልቅ ከተሞች ልማድ ነው።

የሥራው ልብ ሊጡ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ኑድሉ የሚሳበው በክንድ ጉልበት ይመስላቸዋል፤ በደንብ ያልታሸና በቂ ዕረፍት ያላገኘ ሊጥ ግን በማንም እጅ ይበጠሳል። ለ1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት 10 ግራም ጨውና ከ500 እስከ 550 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ዱቄቱ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ለዳቦ የሚመረጠው ዓይነት ይሁን፤ የኬክ ዱቄት አይሆንም። ውሃው በአንድ ጊዜ አይፈስስም፤ በሦስት ዙር እየተጨመረ ዱቄቱ መጀመሪያ እንደ ፍርፍር ከሆነ በኋላ አንድ ላይ ይሰበሰብና ፊቱ እስኪለሰልስ ይታሻል። በአዳማ ሙቀት ሊጥ ቶሎ ስለሚላላ በቀዝቃዛ ውሃ ይቡካ፣ በእርጥብ ጨርቅም ተሸፍኖ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይረፍ።

ቻይናውያን ባለሙያዎች በዚህ ላይ ፐንግኋይ የሚባል፣ ጥንት ከበረሃ ቁጥቋጦ አመድ ይዘጋጅ የነበረ አልካላይ (እንደ ሶዳ ያለ ንጥረ ነገር) ይጨምራሉ። ኑድሉ በፈላ ውሃ ውስጥ እንዳይልፈሰፈስ ጥንካሬ የሚሰጠውና ቢጫ መልክ የሚያወጣለት እርሱ ነው። እዚህ ካልተገኘ ቤኪንግ ሶዳ በትሪ ላይ ስስ አድርጎ ዘርግቶ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ማቆየት ይቻላል፤ እርጥበቱንና ጋዙን ሲለቅ ክብደቱ ከሲሶ በላይ ቀንሶ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ለ1 ኪሎ ዱቄት 5 ግራም በውሃ ተሟሙቶ ይበቃል። ይህ የተጋገረ ሶዳ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል በጓንት ይያዝ፣ ስም ተጽፎበትም ከጨው ርቆ ይቀመጥ።

ያረፈው ሊጥ እንደ ወፍራም ገመድ ተድቦልቡሎ በሁለት እጅ እየተሳበ፣ እየታጠፈና እየተጠመዘዘ ደጋግሞ ይሠራል፤ ሲሳብ ሳይቋቋም፣ እኩል ውፍረት ይዞ ሲረዝም ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በአንድ ሰው ልክ ተቆርጦ፣ ዘይት ተቀብቶ ይሸፈናል። ትእዛዝ ሲመጣ አንዱ ቁራጭ ሊጥ ዱቄት ይነሰነስበትና ሁለቱ ጫፎች ተይዘው ክንድ እስኪዘረጋ ይሳባል፤ ጫፎቹ በአንድ እጅ ይሰበሰባሉ፣ መሃሉ በሌላው እጅ ጣት ይንጠለጠላል፣ እንደገና ይሳባል። ክሮቹ በየእጥፉ እጥፍ ስለሚሆኑ በ7 እጥፍ 128፣ በ8 እጥፍ 256 ይደርሳሉ። ለጀማሪ ግን የምመክረው ያለ አልካላይ የሚሠራውን፣ ዘይት ተቀብቶ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አርፎ በጥቂት ስበት የሚረዝመውን ሰፊ ኑድል ነው፤ ደንበኛን ያጠግባል፣ እጅንም ያለማምዳል።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ድስቱ ሰፊ፣ እሳቱም ኃይለኛ ይሁን። ቀጭኑ አንድ ደቂቃ፣ ሰፊው ደግሞ ሦስት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ቀምሶ ማውጣቱ ግን ከሰዓት ይበልጣል። ለመረቁ አጥንትና ሥጋ በቀዝቃዛ ውሃ ተጥደው፣ አረፋው እየተገፈፈ፣ በዝንጅብል፣ በቀረፋ፣ በቁንዶ በርበሬና በኮረሪማ ለአራትና አምስት ሰዓት በዝግታ ይቀቀላሉ። የላንጆ ሰዎች ጥሩውን ሳህን በጥርት ያለ መረቅ፣ በነጭ ሥራሥር፣ በቀይ የበርበሬ ዘይት፣ በአረንጓዴ የድንብላል ቅጠልና በቢጫ ኑድል ይለዩታል። ለዘይቱ ቅመም የገባበት በርበሬ ሳይሆን ሻካራ የተፈጨ ደረቅ ዛላ ብቻ ይሁን፤ ቅመሙ መረቁን ይሸፍነዋል።

ስለ ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይጠይቅ የማወቅ መብት አለው። ኑድሉ እንቁላልም ወተትም ስለሌለበት ለጾም ይሆናል፤ ከእንጉዳይ፣ ከካሮት፣ ከሽንኩርትና ከዝንጅብል የተሠራ ሁለተኛ መረቅ ለብቻው በሌላ ድስትና በሌላ ጭልፋ ሁልጊዜ ይኑር። ብዙ ጿሚዎች ማክሰኞና ሐሙስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሥጋ ስለማይቀምሱ፣ በእነዚህ ሌሊቶች የጾሙ ድስት ከስድስት ሰዓት በፊት ፈልቶ ይጠብቅ።