ቁራውን አይቶ መሳል፦ ለጀማሪ የወፍ ደብተር

ለጀማሪ የሚመች ወፍ ትልቅ፣ ሰው ብዙም የማይሸሽና ቅርጹ ጎላ ያለ ነው። ደጋ ለሚኖር ሰው ሦስቱንም የሚያሟላ ቁራ አለ፤ ያ ወፍራም መንቁር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ትልቁ ቁራ። ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ በዓለም ካሉት የቁራ ዘሮች ከትልልቆቹ ይቆጠራል፣ ዋነኛ መኖሪያውም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። ሌሎች አገሮች ያሉ ወፍ ወዳጆች እሱን ለማየት ውቅያኖስ አቋርጠው ይመጣሉ፤ እኛ ግን ጣሪያችን ላይ ሲንጎራደድ ቀና ብለን ሳናየው እናልፋለን። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ መስመር የሌለው የኤ5 ደብተር፣ አንድ ኤችቢ (የተለመደው መካከለኛ) እርሳስ፣ አንድ 4ቢ (ለስለስ ብሎ ጠቆር የሚያደርግ) እርሳስና መቅረጫ። መስመር የሌለው ደብተር ካጣችሁ የሒሳብ ደብተርም ያገለግላል። ላጲስ ግን ቤት ይቅር። ላጲስ ያነሳ ሰው ዓይኑ ከወፉ ላይ ተነስቶ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ወፉ ደግሞ አይጠብቅም። የተሳሳተው መስመር እዚያው ሲቆይ ቀጣዩ መስመር ወዴት መሄድ እንዳለበት ያሳያል። ሳሳ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ትክክለኛውን መስመር ስታገኙት ብቻ ተጫኑት።

ጥሩው ሰዓት ከንጋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 ነው። ወፎቹ ምግብ ፍለጋ መሬት ይወርዳሉ፣ ብርሃኑም ዘንበል ይላል። ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉ። ጥቁር ወፍ ፀሐይን ተደግፎ ከታያችሁ ጥላው ብቻ ነው የሚቀራችሁ፤ ለቅርጽ ይጠቅማል፣ ላባና ዓይን ለማየት ግን አይሆንም። በአዲስ አበባ የድሮ ጽድና ወይራ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የጉለሌ እፅዋት ማዕከልና የእንጦጦ ዳገት ጥሩ ቦታዎች ናቸው።

መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እርሳስ ሳታነሱ ተመልከቱ። ሲቆም ጀርባው ምን ያህል ያዘነብላል? መንቁሩ ከጭንቅላቱ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? ጭራው ከክንፉ ጫፍ ምን ያህል ያልፋል? ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ጥያቄ ይዞ ያላየ ሰው የሚስለው ቀድሞ ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረውን «ወፍ» ነው እንጂ የቆመውን ቁራ አይደለም።

ከዚያ ከጭንቅላት እስከ ጭራ አንድ ዘንባላ መስመር ሳቡ። በመስመሩ ላይ የእንቁላል ቅርጽ አስቀምጡ፤ ይህ አካሉ ነው። ጭንቅላቱን በክብ ለዩት። መንቁሩን በድፍረት ሳሉት፦ የዚህ ቁራ መንቁር ርዝመት ከጭንቅላቱ አያንስም፣ ላይኛው ጠርዝ እንደ ቅስት ጎብጧል፣ ጫፉ ላይ ነጣ ይላል። ጀማሪ እጁ እየፈራ ያሳንሰዋል፤ ያን ጊዜ ሌላ ወፍ ይሆናል። ዓይኑን ለማስቀመጥ የአፉን ስንጥቅ ተከተሉ፤ ስንጥቁ ከሚያልቅበት ትንሽ ከፍና ወደ ኋላ ስትሉ ታገኙታላችሁ። ዓይን ወደ አናት ከወጣ ወፉ የተደናገጠ ይመስላል።

እግር በመጨረሻ ይምጣ፤ ብዙ ስህተት የሚፈጠረውም እዚህ ነው። ወደ ኋላ የታጠፈ የሚመስለው መገጣጠሚያ ጉልበት ሳይሆን ቁርጭምጭሚት ነው፤ እውነተኛው ጉልበት ላባ ውስጥ ተደብቋል። እግሩን ጭራው አጠገብ ከተከላችሁት ወፉ በፊቱ ሊደፋ ይመስላል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ከአካሉ መሐል ወደ ታች ስታወርዱት ጣቶቹ ላይ ማረፍ አለበት። ጣቶቹ ሦስት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ናቸው። ሣር ከሸፈናቸው አትሳሏቸው፤ ጎኑ ላይ «እግሩ አልታየም» ብላችሁ ጻፉ። ያላዩትን ፈጥሮ ከመሙላት ይህ ይበልጣል።

ላባውን አንድ በአንድ አትቁጠሩ፤ የዓሣ ቅርፊት ይሆንባችኋል። ጥቁሩን በሦስት ደረጃ ክፈሉት፦ ባዶ ወረቀት፣ ኤችቢ፣ 4ቢ። ብርሃን ያረፈበትን ጀርባ በኤችቢ ሳሳ አድርጋችሁ ሙሉ፣ ከክንፉ ሥርና ከሆዱ በታች 4ቢ ተጫኑ። የማጅራቱ ነጭ አይሳልም፤ ዙሪያውን አጥቁራችሁ ወረቀቱን ትተዉታላችሁ።

ወፉ ይንቀሳቀሳል። ሲዞር የተጀመረውን ትታችሁ አጠገቡ አዲስ ጀምሩ። አንድ ገጽ ላይ አምስት ስድስት ያላለቁ ንድፎች መኖራቸው ጤናማ ነው። ወፍ አቋቋሙን ይደጋግማል፤ ሲመለስ ወደ መጀመሪያው ንድፍ ትመለሳላችሁ።

ከንድፉ ሥር ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ሲያደርግ ያያችሁትን ጻፉ፣ አንድ ጥያቄም ጨምሩ። የጽሑፉ ጥቅም ዘር ለመለየት ነው፦ ነጩ ደረቱ ላይ ከሆነ ያያችሁት ሌላ ቁራ ነው፤ ሲበር ጭራው እጅግ አጭር ሆኖ ከክንፉ ጋር ከተዋሐደና ነጭ ከሌለው ሦስተኛ ዓይነት ነው። ጭልፊትም እንዲሁ ነው። ጭራው መሐሉ ላይ ሰርጎድ ያለና መንቁሩ ቢጫ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አፍሪካ ያለው ነው፤ በበጋ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት መንቁራቸው ጥቁር ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ የቢጫ መንቁሩም ጫጩት በወጣትነቱ መንቁሩ ጥቁር ነው። ስለዚህ «ጥቁር መንቁር» ብላችሁ ያያችሁትን መዝግቡ፣ ለመደምደም አትቸኩሉ።

ንድፉ አላማረም? ገጹን አትቅደዱ። ይህ ደብተር ለማንም የሚታይ አይደለም፣ የእጃችሁንም ችሎታ አይመሰክርም፤ ምን እንዳያችሁ የሚይዝ ነው። ዘንበል ያለ ጀርባውን ከያዘ፣ ሌላው ሁሉ ቢበላሽም ሥራውን ሠርቷል። ከፎቶ ጋር አታወዳድሩት፤ ከሁለት ወር በፊት ከሳላችሁት ጋር አወዳድሩት። መስመራችሁ ደረቅና ጠፍጣፋ ቢሆንም የራሳችሁ ነው፣ ተዉት። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ጥንታዊ ወንጌሎች ቅስቶቻቸው ላይ ወፎች አሏቸው፤ ጥላና ርቀት ሳያሳስባቸው በቅርጽና በቀለም ብቻ ወፍነታቸው ይታወቃል።

የምትወዱትንም እንስሳ በሰው ዓይን አትምረጡ። ቄራ አካባቢ የሚሰበሰበው ትንሹ ጥንብ አንሳ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ነው። ነገር ግን መላጣ ፊቱ ሐመር ሮዝ ሆኖ ሳለ ሲቆጣ ወደ ቀይ ሲለወጥ ማየት ከየትኛውም ያሸበረቀ ወፍ አያንስም። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዱ ነው፤ ከተማ ውስጥ በቅርብ ማየት መቻላችን ትልቅ ዕድል ነው። እሱን ስትስሉ አልፎ ሂያጅ «ይሄ ደግሞ ይሳላል?» ቢላችሁ ደብተሩን አሳዩት። መንገድ ላይ ሰው እንዳይከብባችሁ ግን ጀርባችሁን ለግንብ ሰጥታችሁ ተቀመጡ።

ወፍ ከተቸገራችሁ አህያ ላይ ተለማመዱ፤ ለረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ትቆማለች። ከማጅራቷ እስከ ጭራዋ የሚወርደውን ጥቁር መስመርና ትከሻዋ ላይ የሚያቋርጠውን ፈልጉ። የኋላ እግሯ ላይ ወደ ኋላ የወጣው መገጣጠሚያ ተረከዟ ነው። ጆሮዋን ካሰባችሁት በላይ አስረዝሙ።

ጎጆ ስታገኙ ግን ቅርብ ሄዳችሁ አትሳሉ። እናት ወፏ ከጮኸች ወይም ምግብ በአፏ ይዛ ወደ ጎጆው መግባት ካቃታት ቀርባችኋል ማለት ነው፤ እስክትረጋጋ ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ካልሆነም ሌላ ቀን ተመለሱ።