የታካሚን ጥርስ በዲጂታል ካሜራ ስለ ማንሳት

ዛሬ የተነሳ የጥርስ ፎቶ የሚጠቅመው ከስድስት ወር በኋላ ከሚነሳው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ሲቻል ነው። ስለዚህ ካሜራው አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ ከክሊኒኩ ባለሙያዎች ማንም ቢያነሳበት ተመሳሳይ ፎቶ እንዲሰጥ ሆኖ መያዝ አለበት።

ለዚህ ሥራ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ፣ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ማክሮ (ቅርብ ያለን ነገር አጉልቶ የሚያነሳ) ሌንስ እና በሌንሱ ዙሪያ የሚገጠም የቀለበት ፍላሽ ያስፈልጋል። ስልክ ለማስታወሻ ያህል ያገለግላል፤ ነገር ግን በጣም ተጠግቶ ሲያነሳ የፊት ጥርሶችን አግዝፎ የኋላዎቹን ስለሚያሳንስ ለንጽጽር አይታመንም።

ካሜራውን ማንዋል (በእጅ የሚስተካከል) ላይ አድርገው አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ትብነት) 100 ወይም 200፣ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/125 ሰከንድ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ደግሞ ኤፍ 22 ላይ ያቁሙ። የሌንሱ ቀዳዳ ይህን ያህል የሚጠበበው ከፊት ጥርስ እስከ መንጋጋ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ ሲሆን፣ የሚቀንሰውን ብርሃን ፍላሹ ይተካዋል። በዚህ አኳኋን ከመስኮት የሚገባው የባሕር ዳር ፀሐይም ሆነ የጣሪያው አምፖል በፎቶው ላይ እምብዛም ስለማይታይ፣ መብራት በጠፋበት ቀን እንኳ የጥርሱ ቀለም አይለወጥም። ለሙሉ ፊት ኤፍ 8 ወይም 11 ይበቃል። አውቶ ፎከስን (ካሜራው ራሱ የሚያጠራበትን) ያጥፉ፤ ሌንሱን ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ) ትልቅ በሆነ ፉል ፍሬም ካሜራ 1 ለ 2 (ምስሉ ሴንሰሩ ላይ የጥርሱን ግማሽ ያህል በሚሆንበት)፣ ሴንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ 1 ለ 3 ላይ ካደረጉ በኋላ፣ ጥርሱ እስኪጠራ ድረስ ራስዎ ቀስ ብለው ወደፊትና ወደኋላ ይበሉ።

የአፍ ውስጥ መስታወቱን ትንፋሽ እንዳያደበዝዘው ለብ ባለ ውኃ ያሙቁትና ያድርቁት። «እማማ፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ» የሚለው ቃል ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይረዳል። ጉንጩን ረዳቱ በመወጠሪያ ይወጥር፤ ካሜራ የያዘ እጅ አፍ ውስጥ አይገባም። ከዘጌ በጀልባ የመጣ ታካሚ «ፎቶው ተበላሽቷልና ነገ ይመለሱ» ሊባል ስለማይገባው፣ መወጠሪያው ከአፉ ሳይወጣ እያንዳንዱን ፎቶ አጉልተው ይመልከቱ።

የጥርስ ቀለም ፎቶ የሚነሳው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ አፍ ተከፍቶ የቆየ ጥርስ ደርቆ ከተፈጥሮው የበለጠ ይነጣልና። የቀለም ማመሳከሪያው (የጥርስ ቀለም ናሙናው) ከጥርሱ እኩል ርቀት ላይ፣ ጫፍ ለጫፍ ይያዝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ፎቶው ለምን እንደሚውል ለታካሚው አስረድተው የጽሑፍ ፈቃዱን ይቀበሉ፤ ለሕክምና የተሰጠ ፈቃድ ለማስታወቂያ አይሆንም። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ የግል መረጃዎች አንዱ ነውና፣ ፎቶው በግል ስልክ ላይ ሊቀር አይገባም።

በክረምት የጣና ዳርቻ እርጥበት ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ሊያበቅል ስለሚችል፣ ካሜራውን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡ፤ ጄሉም ቀለሙን ሲቀይር በአዲስ ይተኩት።