የኮርስ መዘርዝርና የሥራ ማስታወቂያ ሲነጻጸሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በድሬዳዋ የሎጂስቲክስ ወይም የአካውንቲንግ የኮርስ መዘርዝርን በከተማዋ ከሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ጋር በኮምፒዩተር ያነጻጸረ ሰው መጀመሪያ የሚደርስበት ድምዳሜ አብዛኛውን ጊዜ «ዩኒቨርሲቲው ቀጣሪ የሚፈልገውን አያስተምርም» የሚል ነው። ድምዳሜው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሥርዓተ ትምህርቱን ከመውቀስ በፊት ጽሑፉን መመርመር ይቀድማል።

ምልክት፦ የተመሳሳይነት መጠኑ ወደ 0 ተጠግቷል።

የሁለት ጽሑፎችን ተመሳሳይነት ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር የሚገልጸው ኮሳይን የተባለው መለኪያ በቃላት ቆጠራ ላይ ሲሠራ ውጤቱን ከ0 በላይ የሚያደርጉት ሁለቱ ጽሑፎች የሚጋሯቸው ቃላት ብቻ ስለሆኑ፣ አንድም የጋራ ቃል ከሌለ ውጤቱ 0 ይሆናል። የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ የኮርስ መዘርዝሩ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ማስታወቂያው ግን በአማርኛ ወይም በቅይጥ፣ አንዳንዴም በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ይወጣል። ስለዚህ መለኪያው የቋንቋ ልዩነትን የዕውቀት ልዩነት አስመስሎ ያቀርባል።

መፍትሄው የክህሎት ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ክህሎት ይቀመጥና የእንግሊዝኛ ስሙ፣ የአማርኛ ስሙና ሠራተኛው በአፉ የሚጠራው ስም ጎን ለጎን ይጻፋሉ። በኮርሱ ላይ ስለ ጉምሩክ ሥነ ሥርዓት የተጻፈው ረጅም ሐረግ በማስታወቂያው ላይ «ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ዕቃ መግለጫ) መሙላት የሚችል» ተብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን ዝምድና ቀጥተኛ ትርጉም አያገኘውም። ሠንጠረዡን ከመዝገበ ቃላት ከመገልበጥ ይልቅ በደረቅ ወደቡ አካባቢ የሚሠሩ ትራንዚተሮችን (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚዎችን) ጠይቆ መሙላት ይሻላል። ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ የኮምፒዩተር ሞዴሎች ሥራውን ያቀላሉ፤ ያገናኟቸውን ጥንዶች ግን ሰው ሳያያቸው ማለፍ የለባቸውም።

ምልክት፦ አንድ ቃል በድግግሞሽ ዝርዝሩ ውስጥ በብዙ መልክ ይታያል።

«ሥራ» እና «ስራ»፣ «ሒሳብ» እና «ሂሳብ»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ» ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከቆጠራው በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው መመለስ ያስፈልጋል። ቀጥሎ «የሒሳብ»፣ «ለሒሳብ» እና «ሒሳቡን» አንድ ሥር እንዲኖራቸው ቅጥያዎቹ ይነሳሉ። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ በቃል መነሻ ላይ ያለውን «በ» ሁሉ በጅምላ አስወግጄ «በጀት»ን «ጀት» አድርጌው ነበር፤ የማይነኩ ቃላት ዝርዝር አስቀድሞ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። በቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ደግሞ ሲገለበጡ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናሉ፤ እነዚህን ዛሬ ኮምፒዩተሮች በጋራ ወደሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ ነው።

ምልክት፦ የርዕስ ሞዴሉ ያወጣው ትልቁ «ክህሎት» ስለ ክህሎት አይናገርም።

የርዕስ ሞዴል በብዙ ጽሑፎች ውስጥ አብረው የሚመጡ ቃላትን በርዕስ የሚያሰባስብ ዘዴ ነው። ሞዴሉ «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ»፣ «ተከታታይ የሥራ ቀናት»፣ «ጾታ አይለይም»፣ «ደመወዝ በስምምነት» የሚሉትን ሰብስቦ እንደ አንድ ርዕስ ያቀርባል። ጥፋቱ የሞዴሉ አይደለም፤ እነዚህ ሐረጎች በብዙ ማስታወቂያ ላይ አብረው ስለሚውሉ አብረው ይወጣሉ። ከመዘርዝሩ በኩልም የክሬዲት ሰዓት፣ የምዘናና የመገኘት ደንቦች እንዲሁ ያደርጋሉ። ማስታወቂያውን በክፍል ከፍሎ «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን ብቻ፣ ከኮርሱም የይዘቱን ክፍል ብቻ ማስቀረት ይበቃል።

ምልክት፦ የፍላጎት ለውጡ ከከተማዋ ታሪክ ጋር አይገጥምም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህንን ነው፤ ግራፉ ንጹህ ሆኖ ስለሚወጣ ማንም አይጠራጠረውም። አንዱ ማስታወቂያ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ቀን ስለሚጽፍ «2014» የሚለው ቁጥር ብቻውን ዘመኑን አይናገርም። የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ መጀመሩ የተበሠረው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓውያኑ ኦገስት 2022 ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች ከተደባለቁ ከቀጠናው በኋላ የወጣ ማስታወቂያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ሊቀመጥ ይችላል። የወሩን ስም አይቶ አቆጣጠሩን መለየት፣ ከዚያም ሁሉንም ወደ አንድ መለወጥ ይገባል፤ ወሩ በቁጥር ብቻ ከተጻፈና ሌላ ፍንጭ ከሌለ ማስታወቂያው ከጊዜ ንጽጽሩ ይውጣ።

ምልክት፦ ተመሳሳይነቱ ከፍተኛ ነው፤ ቀጣሪው ግን ያማርራል።

ብዙ ማስታወቂያዎች የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ጠይቀው ስለሚያበቁ «ቢኤ ዲግሪ በአካውንቲንግ» የሚለው ሐረግ ከኮርሱ ርዕስ ጋር በቀላሉ ይገጥማል። የዲግሪ ስሞችን ከጽሑፉ አውጥቶ እንደገና መለካት፣ ጥቂት ማስታወቂያዎችንም ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አንብበው ክህሎቱን እንዲያሰምሩና ስምምነታቸው በአጋጣሚ ከሚመጣው ምን ያህል እንደሚበልጥ በሚያሳየው ካፓ በተባለ መለኪያ እንዲለካ ማድረግ ያስፈልጋል። በትውውቅ የሚቀጥረው የድሬዳዋው የመጋላ ሰፈር ነጋዴ በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የለም። እሱን በቃል ጠይቆ መጨመር ካልተቻለ የሪፖርቱ ርዕስ «የቀጣሪዎች ፍላጎት» መሆኑ ቀርቶ «በማስታወቂያ የተገለጸ ፍላጎት» ይባል።