ከጡረታ በኋላ አእምሮን ማሠራት፦ ከቡናው እስከ ባሕረ ሐሳብ

ሥራ ላይ እያሉ አእምሮ ሳይጠየቅ ይሠራል። ታክሲ መያዝ፣ ቃለ ጉባኤ ማስታወስ፣ ከአለቃ ጋር መከራከር፣ ደመወዝን ለወር ማብቃቃት አለ። በ60 ዓመት ጡረታ ሲወጣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቆምና ቦታውን ቴሌቪዥን ይይዘዋል። ቴሌቪዥን ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያስገባል እንጂ አያስወጣም። አእምሮን የሚያሠራው ደግሞ ማውጣቱ ነው፦ ያነበቡትን ሳያዩ መናገር፣ የጠፋ ስም ፈልጎ ማግኘት፣ ያልለመዱትን ስሌት መሥራት።

ቡናው ላይ መጀመር ይቀላል። አቦል እስኪደርስ ከጋዜጣ ወይም ከመጽሔት ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ በርጋታ ያንብቡና አጥፈው ያስቀምጡ። ቶና ሲቀዳ ያነበቡትን ለጎረቤት ይንገሩ፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት፣ ለምን። በረካ ላይ ከጽሑፉ ያስታወሱትን አምስት ስም ወይም ቁጥር ደብተር ላይ ያስፍሩ። ጋዜጣው የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ብቻ ቢያገኙ አይደንግጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሙ ሲጠፋው ወዲያው ገልጦ በማየት ነው። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይታገሉ፤ በምን ፊደል ይጀምራል? ረጅም ነው አጭር? ሥራው ያ ትግል ነው። ያንኑ ስም ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ራስዎን ይጠይቁ። በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ከመደጋገም ይህ ይበልጣል፤ ሊረሳ ሲል ተፈልጎ የወጣ ነገር ይጸናልና።

ይህን የጠዋት ቡና ያድርጉት። ከሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና የብዙ አዛውንት እንቅልፍ ይቀማል፤ እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ቀን የተያዘው አይረጋም።

ዳዊት የሚደግሙ፣ ቁርኣን የሚቀሩ ሰዎች “እኛማ በየቀኑ እናሠራዋለን” ይላሉ። ለነፍስ ጥሩ ነው። ግን ለዘመናት በቃል የተያዘ ነገር እንደ ወራጅ ውሃ ራሱን ይዞ ይሄዳል። ከለመዱት ላይ በሳምንት ጥቂት አዲስ መስመር ይጨምሩ፤ የሚያደክመው አዲሱ ነው።

ከሁሉም የምንወደው ልምምድ ግን ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን የምታወጣበት ስሌት። ደብተርና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል፣ መልሱም ትክክል መሆኑ በራሱ ይታወቃል። ሃይማኖቱ የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ስሌቱ ለማንም ይሆናል። የ2019ን ፋሲካ እናውጣ።

መጀመሪያ ዓመተ ዓለሙ፦ 5500 ሲደመር 2019፣ 7519። ይህን ለ4 ሲያካፍሉ 1879 ደርሶ 3 ይቀራል። ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ዜሮ ዮሐንስ። ስለዚህ ዘመኑ ሉቃስ ነው። የደረሰው 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ከ7519 ጋር ሲደመር 9398። ለ7 ያካፍሉት፣ 4 ይቀራል። ዜሮ ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ እያሉ ሲቆጥሩ 4 ዓርብ ነው፤ መስከረም 1 ዓርብ ይውላል ማለት ነው።

አሁን 7519ን ለ19 ያካፍሉ፤ ቀሪው 14። ከዚህ አንድ ይቀንሱ፣ 13 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ነው። 13 በ19 ሲባዛ 247፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ 7። መጥቅዕ ይኸው ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ወንበሩ ዜሮ ከሆነ መጥቅዑ 30 ነው። የእኛው ጥቅምት 7 ነው። መስከረም 1 ዓርብ ከሆነ ጥቅምት 1 እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው።

እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ፣ ማለትም የሚደመር ቁጥር፣ አለው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። የመጥቅዑ 7 እና የቅዳሜ 8 ሲደመሩ 15። መጥቅዑ በጥቅምት ስለዋለ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል። (በመስከረም ቢውል ጥር ይሆን ነበር፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን 30 ተነሥቶለት ወደ የካቲት ይሻገራል።) ከነነዌ 69 ቀን ይቁጠሩ፤ ሚያዝያ 24። ፋሲካ ነው።

ነነዌ ሰኞ፣ ፋሲካ እሑድ ካልዋለ የሆነ ቦታ ተሳስተዋል። ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ነው የሚገኘው፦ አንዱን ሳይቀንሱ ማለፍ፣ ወይም የመጥቅዑን ወር መዘንጋት። 2018ን ሠርተው ሚያዝያ 4 ካገኙ ገብቶዎታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እየቀነሱ ይሂዱ፤ መጀመሪያ መጥቅዑን ብቻ ጽፎ ሌላውን በቃል፣ ኋላ ሁሉንም በቃል። ከለመዱት የትውልድ ዘመንዎን፣ ቀጥሎ የልጆችዎን ያውጡ።

ስሌት የማይስማማው ሰው ገበጣ ይያዝ። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር አድርገው ይጫወቱ፤ ሕጉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቀድመው ይስማሙ። አንድ ግዴታ ብቻ ይጨምሩበት፦ ጠጠር ከማንሣትዎ በፊት የመጨረሻው የት እንደሚወድቅ ጮክ ብለው ይናገሩ። ሳያስቡ በእጅ ልማድ መጫወት የሚቀረው በዚህ ነው። ዳማም ቢሆን ሁልጊዜ የሚያሸንፉትን ሰው ትተው የሚያሸንፍዎትን ይፈልጉ።

እግርን አለመርሳት ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም ለአምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ፣ እያወሩ መሄድ የሚያስችል ግን ዘፈን የሚከለክል ፍጥነት ይበቃል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ተስማሚ ነው፤ መሐል ላይ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። አንድ ጊዜ ገብተው ሁሉንም አይዙሩ። አንድ ክፍል ብቻ አይተው ይውጡና ስለ ድንቅነሽ ያነበቡትን፣ በ1967 የት እንደተገኘችና ዕድሜዋ ስንት ሚሊዮን እንደሆነ፣ ለልጅ ልጅዎ ይንገሩ። የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ጉልበት ለሚያመው አይመከርም። ዝናብ ከሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ መታወቂያ ይያዙ።

ፒያሳን የሚያውቁ ሁለት ወዳጆች ደግሞ ሌላ ጨዋታ አላቸው። ብዙው ሰፈር በ2016 ፈርሷል፤ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ጊዮርጊስ የነበሩትን ሱቆች፣ ኬክ ቤቶችና ቅያሶች ለየብቻ ይሳሉ፣ ከዚያ ያስተያዩ። ጭቅጭቁ አይቀርም፤ ጥቅሙም እሱ ነው።

የእድር ጸሐፊነት ወይም ገንዘብ ያዥነት ቢመጣልዎ አይግፉት። የአባላት ስም፣ የመዋጮ ሒሳብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሰው ማስማማት፣ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሠራ ሌላ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ስልክ ሲማሩም ልጁ ነጥቆ አይሥራልዎ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በአፉ ይምራዎት፣ እርስዎ ይጫኑ፣ ደረጃውንም ደብተርዎ ላይ በራስዎ ቃል ይጻፉ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ግን ደብተሩ ላይ አይጻፍም፣ ደውሎ ለሚጠይቅም አይነገርም።

ይህን ሁሉ ሞክረው ካልያዘልዎ ጆሮዎን ያስመርምሩ። ፊት ለፊት ሲያወሩ እየሰሙ እድር ድንኳን ውስጥ ካልሰሙ፣ ወይም ቤተሰቡ በቴሌቪዥኑ ድምፅ ካማረረ፣ ችግሩ ከማስታወስ ላይሆን ይችላል፤ በደንብ ያልተሰማ ነገር አይያዝም። አንዳንዴ ኩክ ብቻ ነው፤ በክብሪት እንጨት አይቆርቁሩት፣ ጤና ጣቢያ ይጠቡት። ዓይን ላይ ያለ ሞራም እንዲሁ ይታያል። የደም ግፊት መድኃኒት “አሁን ደኅና ነኝ” ተብሎ አይቋረጥም፤ ግፊት ሳያሳምም የአንጎልን ደም ሥር ይጎዳል።

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ያለ ነው። በለመዱት ሰፈር መንገድ መሳት፣ የከፈሉትን መዋጮ ደግሞ መክፈል፣ የወጥ አሠራር መጥፋት ግን ሐኪም ያስፈልገዋል። ደኅና የነበረ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቢዘባርቅ ደግሞ እርጅና ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ። ሲሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዘው ይሂዱ። ለዓመታት ሜትፎርሚን የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ ይለካልኝ ይበሉ። እንቅልፍ የሚያስይዙ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖችም አዛውንትን ያደናግራሉ፤ ያለ ማዘዣ የተገዙትንም ከረጢቱ ውስጥ ይጨምሯቸው።