ከወገብ መርፌ በኋላ የመጣ ራስ ምታትን መለየት

ሀዋሳ ውስጥ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። የወንድሜ ሚስት ወገቧ ላይ ማደንዘዣ ተወግታ በኦፕራሲዮን በወለደች በማግስቱ እናቷ ደወሉልኝ። «ራሷን እያመማት ነው» አሉ። «የመርፌው ነው፣ ጋደም ብላ ቡና ትጠጣ» ብዬ ዘጋሁ። ትኩሳት አላት ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ማታ ስሄድ ክፍሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ይሸታል። ምች ነው ተብሎ ታሽታለች። ግንባሯ ይፋጃል። ማጅራት ገትር ነበር። ደግነቱ ተርፋለች። እኔ ግን እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ከወገብ መርፌ በኋላ ማጅራት ገትር እምብዛም አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን ሰዓት አይሰጥም።

የተወጋችው ራሷን ካመማት መጀመሪያ ቁጭ አድርጓት፣ ከዚያ አስተኟት። ስትቀመጥ የሚብስባት፣ ስትተኛ ለቀቅ የሚያደርጋት ከሆነ ብዙ ጊዜ መርፌው በተወው ቀዳዳ ፈሳሽ እየወጣ ነው። ይህ ራሱ ኢንፌክሽን አይደለም፤ ለሐኪሟ ግን ንገሩ። ተኝታም ካልተሻላት፣ መብራት ከጠላች፣ ካስመለሳት ወይም ወሬዋ ከተዘበራረቀ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አገጯን ደረቷ ላይ እንድታደርግ ጠይቋት። አንገቷ እምቢ ካለ ባጃጅ ጠርታችሁ ሆስፒታል ውሰዷት።

ትኩሳቱን በቴርሞሜትር ለኩ። በመጋቢት ሙቀት መዳፍ አይታመንም። ደግሞ ፓራሲታሞል ከመዋጧ በፊት ይሁን፤ ኪኒኑ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ አትደሩ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ አትጀምሩላት፤ ሐኪሙ ከወገቧ ፈሳሽ ወስዶ ጀርሙን ሲፈልግ ሊያጣው ይችላል።

መርፌው በገባበት ወገብ ውስጥ መግል የሚቋጥረው ኢንፌክሽን ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ። የተወጋችበት ቦታ እየባሰ ያማታል። እግሯ ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካላት ለነገ የሚባል ነገር የለም።

ገና ያልተወጋችሁ ካላችሁ የባለሙያውን አፍ እዩ። ማጅራት ገትሩን ከሚያመጡት አንዱ አፋችን ውስጥ የሚኖር ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም ነው። ያለ ማስክ ወገባችሁ ላይ እያወራ የሚሠራ ሰው ሊያስገባው ይችላል። ማስኬ ከአፍንጫዬ ወርዶ ካያችሁ ንገሩኝ፤ አልቀየምም። ጀርባችሁን የቀባሁት መድኃኒት እስኪደርቅ ብጠብቅም አትቸኩሉ፤ የሚሠራው እስኪደርቅ ድረስ ሲቆይ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ከራስ ምታቱ አትጀምሩ። «በዚህ ቀን ወገቧ ላይ ማደንዘዣ ተወግታለች» በሉ።