«ፋስን» ማፋጠን አይደለም፦ በዚህ ግስ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አውሮፕላን ውስጥ ከፊት ያለው ወንበር ጀርባ ላይ ቀበቶን «ፋስን» ማድረግን የሚያዝ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ እሰሩ፣ አጥብቁ ማለቱ ነው። «ፋስት» ፈጣን መሆኑን ብቻ የተማረ ሰው ግሱንም «አፋጠነ» ብሎ ይፈታዋል። እባካችሁ ይህን ተዉት! አፋጠነ ለማለት እንግሊዝኛ «ሄይስን» የሚል ሌላ ግስ አለው።

የስህተቱ ሥር መጨረሻው ላይ ያሉት «ኢ» እና «ኤን» ናቸው። «ሾርት» አጭር፣ «ሾርትን» አሳጠረ፤ እንግዲህ «ፋስን» አፈጠነ መሆን አለበት ያሰኛል። ስሌቱ ልክ ነው፣ የተሳሳተው መነሻው ነው። የ«ፋስት» ጥንታዊ ትርጉም ጥብቅ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነው፤ «ፋስን»ም በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፋስትኒያን» ሲባል አጠበቀ ማለት ነበር። ፈጣን የሚለው ትርጉም ኋላ በመካከለኛው ዘመን፣ አጥብቆና በብርቱ ከመሮጥ የመጣ ነው። አሮጌው ትርጉም ግን አልሞተም፤ «ፋስት አስሊፕ» እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ የወሰደው ነው፣ «ካለርፋስት» ቀለሙ የማይለቅ ጨርቅ።

«ቲ» ይጻፋል እንጂ አይነበብም፤ እንደ «ሊስን»፣ እንደ «ካስል»።

«ታይ» አትበሉ። እኛ ቀበቶ እናስራለንና አፋችን ወደዚያ ይሄዳል፤ «ታይ» ግን ቋጠሮ ላለው፣ ለክር፣ ለገመድና ለከረባት ነው። የሸሚዝ ቁልፍም በአማርኛ ስለሚቆለፍ «ሎክ» አይሆንም። «ሎክ» ለበር ነው፣ ያውም በቁልፍ ለሚዘጋው፤ የተቀረቀረ በር «ፋስን» ተደርጓል። ቀበቶ ሲፈታ «አንፋስን» እንጂ «ኦፕን» አይባልም።

ወደ አማርኛ ስትመልሱ ሁሉን «አያይዝ» እያላችሁ አትለፉት። ቀበቶ ይታሰራል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይቆለፋል፣ በር ይቀረቀራል፣ ብሎን ይጠብቃል፣ ሳንቃ በምስማር ይመታል።

ጾም የሚባለውን «ፋስት» ደግሞ ባጋጣሚ ድምፁ የገጠመ ባዕድ ቃል አድርጎ ማየት ሌላው ስህተት ነው። ሥሩ ያው ነው። የእንግሊዝኛ ዘመድ በሆነው፣ ዛሬ በጠፋው በጥንታዊው የጎት ቋንቋ «ፋስታን» መያዝም፣ መጠበቅም፣ መጾምም ነበር፤ ጾም ሥርዓትን አጥብቆ መያዝ ነውና። የእኛም «ጠበቀ» እንዲሁ ነው፦ ገመዱም ጠበቀ፣ ዘበኛውም ጠበቀ፤ ልዩነቱ የሚሰማው «ይጠብቃል» ስንል በ«ብ» መላላትና መጥበቅ ነው። ይህ ግን በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል የሐሳብ መመሳሰል እንጂ የቃላት ዝምድና አይደለም። «ብሬክፋስት»ም ቃል በቃል ሲፈታ የሌሊቱን ጾም መግደፊያ ነው።