አዲስ ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት

የምንቀዳው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው። እህቴ ትዘፍናለች፣ እኔ ክራር እመታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቅጂያችን ውስጥ «ድም፣ ድም» የሚል ነገር እየገባ አስቸገረን። ማይኩ ተበላሽቷል ብዬ ልቀይረው ስል ነው የገባኝ፤ ለካ ታች ቤት ቡና እየተወቀጠ ነው! የሙቀጫው ምት በግድግዳና በወለል አልፎ፣ በስታንዱ እግር ወጥቶ ማይኩ ጋ ይደርሳል።

መላው ሾክ ማውንት ነው። ማይኩን በላስቲክ አንጠልጥሎ ስለሚይዝ ንዝረቱ እዚያው ላስቲኩ ላይ ይቀራል። የማይካችሁን ውፍረት ለክታችሁ ግዙ፤ አንዱ ለሁሉም አይሆንም። ከስታንዱ ሥር ደግሞ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉ።

ስታንድ ላይ አትሰስቱ። ክንድ ያለው ከሆነ ከሦስቱ እግሮች አንዱ ማይኩ ወዳለበት አቅጣጫ ይዘርጋ። ይህን ባለማወቄ አንዴ ከነማይኩ ተደፍቶብኛል፤ ያን ቀን እንዴት እንደደነገጥኩ!

ለዘፋኝ ፖፕ ፊልተር፣ ማለትም ማይኩ ፊት የሚቆም ወንፊት፣ ግድ ነው። መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት አድርጋችሁ «ፖስታ» በሉ። እጃችሁን የመታው አየር ማይኩንም ይመታዋል፤ ሲቀዳ «ቡፍ» ይላል። ወንፊቱን ከማይኩ አራት ጣት ያህል አርቁት፤ ዘፋኙ ከማይኩ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ትንሽ ወደ ኋላ ይበል። ማይኩ ላይ የሚጠለቀው ስፖንጅ ደጅ ለነፋስ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ግን ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ስለሚያፍነው እኔ ወንፊቱን እመርጣለሁ።

ክራር ወንፊት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ርቀት ነው። እኔ ማይኩን 30 ሴንቲሜትር ገደማ አርቄ፣ ከበርኩማው፣ ክሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት፣ ትንሽ ወደ ጎን አዞረዋለሁ። በጣም ከቀረበ የገበቴው ጉምጉምታ የክሩን ጥራት ይውጠዋል። ለማሲንቆ ከሆነ ደጋኑ እንዳይነካው ፈቀቅ አድርጉት።

ኮንደንሰር የሚባለው የማይክ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ማለትም በማይኩ ገመድ በኩል የሚላክለት ኤሌክትሪክ፣ ይፈልጋል። ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት አጥፉት።

አንድ ነገር ደግሞ በነፃ። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስትሰቅሉ ከማይኩ ጀርባ ሳይሆን ከዘፋኙ ጀርባ ስቀሉ። ብዙው የዘፈን ማይክ ከፊቱ ያለውን ነው የሚሰማው፤ ከዘፋኙ ኋላ ካለው ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ቀጥታ ይገባበታል። እኛ ቁም ሳጥኑን ወለል አድርገን እንከፍታለን፤ እህቴ ለተሰቀሉት ልብሶች ጀርባዋን ሰጥታ ትዘፍናለች።